ታንክ በኢትዮጵያ፦ ከደምበጉና እስከ ካራማራ፣ ከአፋቤት እስከ ሰሜን ወሎ

ስልካችሁን ከፍታችሁ የታንክ ቪዲዮ የማታዩበት ቀን ጥቂት ነው። አንዱ ይተኩሳል፣ አንዱ ይቃጠላል፣ አንዱ በድሮን ይመታል። ኮሜንቱ ላይ ያለው ክርክርም አያልቅም። "ታንክ ያለው ያሸንፋል" የሚል አለ፣ "የታንክ ዘመን አብቅቷል" የሚልም አለ።

ለእኛ አካባቢ ሰው ግን ታንክ የስልክ ወሬ ብቻ አይደለም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ወልድያና ሀብሩ ሲመጣ ድምፁን ሰምተነዋል፣ መንገዱን ሲያርሰው አይተነዋል። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን ከሥሩ እናያለን። ታንክ ለምን ተፈጠረ? አገራችን መቼ ገባ? የት ሠራ፣ የትስ ከሸፈ?

አንድ ነገር ልብ እያላችሁ አንብቡ። ባለፉት 90 ዓመታት በእኛ ተራሮች ላይ ታንክ ደጋግሞ ያስተማረው ትምህርት አንድ ነው፦ ታንክ ብቻውን አያሸንፍም። ማን እንደያዘው ብቻ ሳይሆን የት መሬት ላይ እንደቆመና አጠገቡ ማን እንዳለ ይወስነዋል።

(ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። በፈረንጅ ያስቀመጥነው ካለ እ.ኤ.አ. ብለናል።)

■ መጀመሪያ፣ ታንክ የሚባለው የትኛው ነው?

ብዙ ሰው ብረት የለበሰውን ሁሉ ታንክ ይለዋል። ልዩነት ግን አለው። ወታደር ለማመላለስ የተሠራው ብረት ለበስ ተሽከርካሪ፣ ጎማም ይኑረው ሰንሰለት፣ ታንክ አይደለም። ታንክ የሚባለው ሦስት ነገር አንድ ላይ ሲይዝ ነው፦ ወፍራም የብረት ልብስ፣ በሚዞር ጭንቅላት ላይ የተተከለ ትልቅ መድፍ፣ እና ጎማ የማያልፍበትን የሚያልፍ ሰንሰለት።

የታንክ ታሪክ በሙሉ የእነዚህ የሦስቱ ጭቅጭቅ ነው ብንል አናጋንንም። ብረቱን ብታወፍረው ይከብዳል፣ ድልድይ ይሰብራል፣ ነዳጅ ይጨርሳል። ብታቀለው ይፈጥናል፣ ግን በቀላሉ ይመታል። መድፉን ብታተልቀው የሚይዘው ጥይት ቁጥር ያንሳል።

ውስጡ ያሉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው፦ አዛዥ፣ ተኳሽ፣ አጉራሽ እና ሾፌር። አጉራሽ ማለት ጥይቱን እያነሳ መድፉን የሚያጎርሰው ነው። አራቱም ነገሩን የሚያዩት በጠባብ መስተዋት ነው። ይህን ያዙት፤ ታንክ ከውስጥ ሆነው ሲያዩት ግማሽ ዕውር ነው። ሰው ቀርቦ የሚመታውም በዚህ ምክንያት ነው።

■ ልደቱ፦ መስከረም 1909

አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ፈረንሳይ ምድር ውስጥ ሁለቱም ወገን ምሽግ ቆፍሮ፣ እሾህ ሽቦ ዘርግቶ፣ መትረየስ ጠምዶ ተፋጠጠ። ወደ ፊት የሄደ ሁሉ ይታጨዳል። እንግሊዞች ሽቦውን ረግጦ ምሽጉን የሚሻገር የብረት ቤት በምስጢር መሥራት ጀመሩ። ምስጢሩ እንዳይወጣ "የውኃ ማጠራቀሚያ ነው" አሉ፤ በእንግሊዝኛ ታንክ። ስሙ በዚያው ቀረ። እኛም ዛሬ ድረስ የውኃውን ታንከር፣ የጦሩን ታንክ እያልን እንጠራዋለን።

መስከረም 5 ቀን 1909 (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1916) ማርክ 1 የሚባለው ታንክ ለመጀመሪያ ጊዜ ጦር ሜዳ ወጣ። ክብደቱ 28 ቶን፣ ውስጡ 8 ሰው፣ ፍጥነቱ የእግረኛ ያህል። ለውጊያው ከተመደቡት 49 ታንኮች መነሻ ቦታ የደረሱት 32 ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ገና ሳይተኩሱ ተበላሹ ወይም ጭቃ ዋጣቸው።

የእኛን ታሪክ ከጎኑ ብናስቀምጠው፣ ከዚያ 12 ቀን በኋላ አዲስ አበባ ላይ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ደግሞ አባታቸው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተዋግተው ተሸነፉ። እነሱ በፈረስና በጠመንጃ ሲዋጉ፣ አውሮፓ የብረት ቤት መንዳት ጀምሮ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ፈረንሳዮች ሬኖ ኤፍቲ የሚባል ትንሽ ታንክ አወጡ። ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል። ሞተሩ ከኋላ፣ ሾፌሩ ከፊት፣ መሣሪያው በሚዞር ጭንቅላት ላይ። ዛሬ ያሉት አብዛኞቹ ታንኮች የሚከተሉት ይህንኑ አቀማመጥ ነው።

ጣሊያን ያንን ተከትላ ፊያት 3000 የሚባለውን ሠራች። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ከእነዚህ በጣት የሚቆጠሩት ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። አገራችን ከመጀመሪያዎቹ ታንኮቿ የተወሰኑትን ያገኘችው በኋላ ልትወራት ከመጣችው ከጣሊያን ነው ማለት ነው።

■ ደምበጉና፦ ታንክ በእጅ የተያዘበት ቀን

በ1928 ጣሊያን የወረረችን ሲቪ 33 የሚባሉ ትናንሽ ታንኮችን አሰልፋ ነው። ክብደታቸው ከ3 ቶን ብዙም አይበልጥም፤ ከከባድ መኪና ያነሱ ነበሩ። ሁለት ሰው ይይዛሉ፣ መሣሪያቸው መትረየስ ነው። ትልቁ ችግራቸው የሚዞር ጭንቅላት አልነበራቸውም። መትረየሱ የሚተኩሰው ወደ ፊት ብቻ ነው። ከጎንና ከኋላ የመጣን ሰው ለመምታት ታንኩ በሙሉ መዞር አለበት።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና በተባለው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ከጣሊያን ጦር ጋር ገጠመ። ጣሊያኖቹ ታንኮቻቸውን ከፊት አስቀድመው ለመውጣት ሞከሩ። መንገዱ ጠባብ፣ ግራና ቀኙ ድንጋይ ነበር። ወታደሮቻችን ከጎንና ከኋላ እየዞሩ ቀረቧቸው፤ ታንኩ መዞር በማይችልበት ቦታ መትረየሱ ምንም አይረባም። በዚያ ቀን የነበሩት ታንኮች አብዛኞቹ ተበላሽተው ወይም ተማርከው ቀሩ።

ፀረ ታንክ የሚባል መሣሪያ ሳይኖር ማለት ነው። የሠራው ድፍረት ብቻ አልነበረም፤ ቦታ መረጣ ነው። ያው ታንክ ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

ደስታው ግን አልቆየም። ከስምንት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 13፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ ጣሉ። የዚያን ጦርነት ዕጣ የወሰኑት ከታንኩ ይልቅ አውሮፕላን፣ ጋዝና መድፍ ናቸው።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ከማይጨው ውጊያ በኋላ የጣሊያን ጦር በእኛው አካባቢ አድርጎ ወደ ደቡብ ወረደ። በሚያዝያ መጀመሪያ ደሴን ያዘ። ከዚያ ከ1,500 በላይ መኪኖችን አሰልፎ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ሰልፉን ብዙ ያስቸገረው ዝናብ፣ ጭቃና የተበላሸ ገደላማ መንገድ ነበር።

■ ከረን፦ ያው ትምህርት ለጣሊያንም ለእንግሊዝም

በ1933 ነፃነት ሲመለስ እንግሊዞች በሰሜን በኩል ማቲልዳ የሚባሉ ወፍራም ታንኮች ይዘው መጡ። ጣሊያን የማቲልዳን ብረት የሚበሳ መሣሪያ እንደልቡ አልነበረውም። ነገር ግን ከረን ላይ ጣሊያኖቹ ብቸኛውን የሸለቆ መንገድ በድንጋይ ናዳ ዘጉት። ማቲልዳዎቹ ቆሙ። ከየካቲት አስቀድሞ እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ ተራራውን ደረጃ በደረጃ የወጣው እግረኛ ነው። መሐንዲሶች መንገዱን ሲከፍቱ ነው ታንኩ ያለፈው።

■ ዓለምን ያጥለቀለቁት የሩሲያ ታንኮች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታንክ አደገ። ጀርመን 57 ቶን የሚመዝነውን ታይገር ሠራች። እጅግ ከባድና አስፈሪ ነበር፤ የተሠራው ግን ወደ 1,350 ብቻ ነው። አሜሪካ ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ሸርማን አመረተች። ሶቭየት ኅብረት ደግሞ ቲ 34ን ከ80 ሺህ በላይ። ቲ 34 የፊት ብረቱ ተዳፋት ነበር። ተዳፋት የሆነ ብረት ጥይትን ያንሸራትታል፤ ጥይቱ ቢገባ እንኳ የሚበሳው ውፍረት ይጨምርበታል። ጥገናውም ቀላል ነው። በመጨረሻ ያሸነፈው ምርጡ አንድ ታንክ ሳይሆን ቶሎ የሚሠራው፣ ቶሎ የሚጠገነውና ብዙ የሆነው ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የመጡት ቲ 54 እና ቲ 55 በኢትዮጵያ ምድር ብዙ ጊዜ የታዩት ናቸው። ክብደቱ 36 ቶን፣ መድፉ 100 ሚሊ ሜትር፣ ሰው 4። በዓለም ላይ ከ50 ሺህ በላይ ተሠርቷል። ዝቅ ያለ በመሆኑ ለመመታት ያስቸግራል። ዝቅ ለማለት የከፈለው ዋጋ ውስጡ መጥበቡ ነው፤ ጥይቱና ነዳጁ ከሰዎቹ አጠገብ ተቀምጧል። ሲመታ ብዙ ጊዜ የሚጋየው በዚህ ምክንያት ነው።

■ ታንክ በአዲስ አበባ፦ ታኅሣሥ 1953

በ1945 ከአሜሪካ ጋር በተደረገው ስምምነት የንጉሡ ጦር የአሜሪካ መሣሪያ ማግኘት ጀመረ። ኤም 24 እና ኤም 41 የሚባሉ ቀላል ታንኮች መጡ። መጀመሪያ በሰፊው ከተወራላቸው ውጊያዎች አንዱ ግን ከውጭ ጠላት ጋር አልነበረም።

በታኅሣሥ 1953 ንጉሡ ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ምድር ጦሩና አየር ኃይሉ ለንጉሡ ቆመው ታንክ ይዘው ከተማ ገቡ። ክብር ዘበኛው ታንክ የሚቋቋምበት አቅም አልነበረውም። ታንኮቹ እስከ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዘለቁ። ከመሸነፋቸው በፊት አማፂዎቹ እዚያው አግተዋቸው የነበሩትን ባለሥልጣናት ተኩሰው ገደሉ። ያ ግቢ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስንቶቻችሁ ተምራችሁበታል፣ ወይም ልትማሩበት ትመኛላችሁ።

ታንክ ተራራ ላይ ሊከሽፍ ይችላል፤ ሰፊ የከተማ መንገድ ላይ፣ ታንክ የሌለው ሰው ፊት ግን በሰዓታት ይወስናል።

■ ኦጋዴን፦ የታንክ ጦርነት ማለት ይህ ነው

ሐምሌ 1969 ሶማሊያ ስትወር ወደ 250 የሚጠጉ ታንኮች ነበሯት፤ አብዛኞቹ ከሶቭየት ያገኘቻቸው ቲ 34 እና ቲ 54/55። ኦጋዴን ሜዳ ነው። ተራራ የለም፣ ጠባብ በር የለም። ታንክ የሚወደው መሬት ነው። የኢትዮጵያ ጦር በቁጥርም በመሣሪያም አንሶ ወደ ኋላ ሄደ።

ነሐሴ 11 ቀን 1969 የሶማሊያ ጦር በታንክ ድሬዳዋን ለመያዝ ሞከረ። ከተማዋን የያዘው ጦርና አየር ኃይሉ ተባብረው መለሱት። ከአውሮፕላን ጥላ ውጪ ሜዳ ላይ የወጣ ታንክ ዒላማ ነው። ጅግጅጋ ግን መስከረም 1970 ላይ ወደቀች።

ከዚያ በኋላ ዓለም ተገለበጠ። ሶቭየት ኅብረት ሶማሊያን ትታ ወደ ኢትዮጵያ ዞረች። በአየርና በባሕር ታንክና መድፍ ጎረፈ። ከ10 ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮችም መጡ። የዚያ ጦርነት ዕቅድ ቁልፉ ካራማራ ነበር። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ የሚወስደው መንገድ በካራማራ ተራራ በር ያልፋል። ሶማሊያ በሩን ይዛ ጠበቀች። ፊት ለፊት መግጠም ማለት ደምበጉናን በራስ ላይ መድገም ነው። የኢትዮጵያና የኩባ ጦር ዞረው ሄዱ። ሄሊኮፕተሮች ወታደርና ቀላል ተሽከርካሪዎችን ከተራራው ማዶ አወረዱ። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅግጅጋ ተመለሰች። ዛሬ የካራማራ ድል የምንለው ያ ቀን ነው።

■ አፋቤት፦ ታንኩ ወጥመድ ሲሆን

ያ ሁሉ የሶቭየት ብረት ከዚያ ወደ ሰሜን ዞረ፤ ወደ እርስ በርስ ጦርነቱ። ኤርትራ ውስጥ የናቅፋ ተራሮች ለታንክ አልተመቹም። ዓመታት በምሽግ አለፉ።

በየካቲት 1980 የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥት ትዕዛዝ ተገደሉ። በቀጣዩ ወር፣ መጋቢት 1980፣ ሻዕቢያ አፋቤት ላይ ያንኑ ዕዝ አጠቃ። ወደ አፋቤት ሲያፈገፍግ የነበረ የታንክና የመኪና ሰልፍ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ገባ። የፊቱ ተመታ። የኋላው መውጫ አጣ። መሣሪያው በሻዕቢያ እጅ እንዳይገባ የራሱ አየር ኃይል መጥቶ ሰልፉን ደበደበው። እዚያ ውስጥ የነበሩት የእኛው አገር ልጆች ናቸው።

ደምበጉናና አፋቤት መካከል 52 ዓመት አለ። ታንኩ ከ3 ቶን ወደ 36 ቶን አድጓል። ጠባቡ መንገድ ግን ያው ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በየካቲት 1981 ሽሬ ላይ መንግሥት ትልቅ ጦር አጣ፣ ትግራይን ለቆ ወጣ። በየካቲት 1982 ምፅዋ ወደቀች፤ እዚያ ከተማ ውስጥ ዛሬም ሦስት ታንኮች ሐውልት ሆነው ቆመዋል። ታንክ ያልነበራቸው አማፂዎች በየውጊያው እየማረኩ ባለ ታንክ ሆኑ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ የተጠቀመባቸው ታንኮች መንግሥት ራሱ ያስመጣቸው ነበሩ። ታንክ ታማኝነት የለውም፤ ነዳጅና ሾፌር ላገኘለት ሁሉ ይሠራል።

■ ባድመና ጾረና

ግንቦት 1990 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር የ1909 ዓይነት ውጊያ ተመለሰ፤ ረጅም ምሽግ፣ ፈንጂ፣ መድፍ። የካቲት 1991 የኢትዮጵያ ጦር የባድመን ምሽግ ሰበረ። በቀጣዩ ወር ጾረና ላይ ግን ታንክና እግረኛ ወደ ምሽጉ ሄደው የከበደ ኪሳራ ደረሰ። የተቃጠሉ ታንኮች ፎቶ በዓለም ጋዜጦች ወጣ። ታንክ ሲፈጠር ምሽግ እንዲሰብር ነበር። ከ80 ዓመት በኋላ ምሽጉ ፈንጂና ፀረ ታንክ ታጥቆ ጠበቀው።

እዚህ ላይ አርፒጂን ማንሳት ግድ ነው። በትከሻ የሚተኮሰው ይህ መሣሪያ ብረት የሚበሳው በጉልበቱ አይደለም። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ፈንጂ ሲፈነዳ የመዳብ ሽፋኑን ቀጭን፣ እጅግ ፈጣን ጅራፍ አድርጎ ወደ ብረቱ ይወረውረዋል። አንድ ወታደር ተሸክሞት የሚሮጠው ነገር 36 ቶኑን ያቆመዋል፤ ከቀረበ ማለት ነው። እንዳይቀርብ የሚከላከለው ደግሞ ከታንኩ ጋር የሚሄደው እግረኛ ነው።

■ ዛሬ፦ ቲ 72፣ ድሮን፣ የእኛ መንገድ

በ2003 ኢትዮጵያ ወደ 200 የሚጠጉ ቲ 72 ታንኮችን ከዩክሬን ለመግዛት ተዋዋለች። መድፉ 125 ሚሊ ሜትር ነው። አጉራሽ የለውም፤ ጥይቱን የሚያጎርሰው ማሽን ስለሆነ ሰዎቹ ሦስት ናቸው። ነገር ግን ጥይቶቹ ከሰዎቹ ሥር በክብ ተደርድረዋል። ከተመቱ ጭንቅላቱ ተነቅሎ ይወረወራል። ቪዲዮ ላይ የምታዩት እሱን ነው።

ከ2013 ጀምሮ በነበረው ጦርነት ድሮን ተጨመረበት። ዱሮ ታንክን ያስፈራው ጠባብ መንገድና ከኋላ የሚመጣ ሰው ነበር። አሁን ሰማዩም ተጨመረ። የታንክ ብረት ከፊት ወፍራም፣ ከላይ ስስ ነው።

ታንክ ግን አልሞተም። በየአገሩ አሁንም ይገዛል፣ ይታደሳል። እኛም አገር ቢሾፍቱ ያለው ፋብሪካ የቆዩ ታንኮችን ያድሳል። አንበሳ አውቶቡሶችን የገጣጠመውም ያው ፋብሪካ ነው።

■ የመጨረሻው ጉዳይ፦ መንገድ ዳር የቀረው ብረት

ይህን ሁሉ የጻፍነው ለዚህ ጭምር ነው። አንድ ታንክ ውጊያ ላይ የሚቆየው ሰዓታት ሊሆን ይችላል። ሬሳው ግን ዓመታት ይቆያል። ልጆች ይወጡበታል፣ ወጣቶች ፎቶ ይነሱበታል፣ ቁርጥራጭ ብረት የሚሸጥ ሰው መጋዝ ይዞ ይመጣል።

አሁን ውስጡን ስላወቃችሁ አስቡት። ቲ 55 ሙሉ ሲሆን 43 የመድፍ ጥይት ይይዛል። ታንኩ ሲመታ ሁሉም ላይፈነዱ ይችላሉ። በእሳት ተጠብሶ ሳይፈነዳ የቀረ ጥይት ደግሞ ከአዲሱ የባሰ አደገኛ ነው፤ ምን ሲነካው እንደሚፈነዳ አይታወቅም። በዙሪያው የተተኮሱና ያልፈነዱ አርፒጂዎች፣ የእጅ ቦምቦች፣ ፈንጂዎችም ሊኖሩ ይችላሉ። ጥይቱ ዛገ ማለት ሞተ ማለት አይደለም።

ስለዚህ፦

▪ የተመታ ታንክ ወይም ብረት ለበስ ላይ አትውጡ፣ ውስጡ አትግቡ። ለፎቶም ቢሆን።
▪ የማታውቁትን ብረት አታንሱ፣ አትርገጡ፣ ድንጋይ አትወርውሩበት፣ አጠገቡ እሳት አታንድዱ።
▪ ካያችሁ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ። ቦታውን አስታውሱና ለቀበሌ፣ ለፖሊስ ወይም በአቅራቢያ ላለ ጦር አሳውቁ።
▪ ከብት የሚጠብቁ ታናናሾቻችሁን ንገሯቸው። ከስልክ ርቀው ያሉት እነሱ ናቸው፤ ይህ ጽሑፍ አይደርሳቸውም። እናንተ ግን ትደርሷቸዋላችሁ።
▪ ብረቱን ለመሸጥ የሚቆርጥ ካያችሁ ዝም አትበሉ። የአንድ ቀን ገቢ የቤተሰብ ሐዘን እንዳይሆን።

በደምበጉና የነበሩት አባቶች ታንክን ያሸነፉት ድክመቱ የት እንደሆነ አይተው ነው። የእኛ ትውልድም ሊያውቀው ይገባል፤ በኮሜንት ለመከራከር ብቻ ሳይሆን፣ ጦርነት ካለፈ በኋላ የቀረው ብረት አንድም ልጅ እንዳይወስድብን።

ጽሑፉን ለወንድም ለእህቶቻችሁ አጋሩት። ቀጥሎ የትኛውን የጦር መሣሪያ ታሪክ እንድናነሳ እንደምትፈልጉ ኮሜንት ላይ ጻፉልን።